«ግድግዳው ሁሉ ብረት ነው፣ እንግዛው ወይስ እንተወው?» ላልሽው እህታችን

ሰላም ለዚህ ግሩፕ ቤተሰቦች። እህታችን ኮሎምበስ አካባቢ አንዲት ትንሽ ቤት አይታ ወድዳለች። ባለ ሁለት መኝታ ናት፣ በ1949 እ.ኤ.አ. የተሰራች። ግን ውጪውም ውስጡም፣ ኮርኒሱም ጣሪያውም ብረት ሆኖባት ግራ ገብቷታል። ባለቤቷ ደግሞ «ይሄ ኮንቴይነር ነው እንጂ ቤት አይደለም» ብሏታል። የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው። ይሄ ምን ዓይነት ቤት ነው? የኦሃዮን ብርድ ይችላል ወይ? ሚስማር የማይገባው ግድግዳ ላይ ስዕለ አድህኖ በምን ይሰቀላል?

እህቴ፣ እኔና ባለቤቴ እንደዚሁ ዓይነት ቤት ውስጥ መኖር ከጀመርን 9 ዓመት አለፈን። ሁለት ልጆች ያሳደግነው እዚሁ ነው። ስለዚህ የሰማሁትን ሳይሆን የኖርኩበትን ልንገርሽ።

ቤቷ ላስትሮን ትባላለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሚሊዮኖች ወታደሮች ሲመለሱ አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩበት ቤት ጠፋ። ያኔ ካርል ስትራንድሉንድ የሚባል፣ ስዊድን የተወለደ ኢንጂነር ለቤንዚን ማደያ ግንባታ ብረት ለማስፈቀድ ዋሽንግተን ሄደ። ብረት በቁጥጥር ነበር የሚታደለው። ለማደያ አይሆንም፣ ለመኖሪያ ቤት ከሆነ ግን እንነጋገር አሉት። እሱም ፊቱን ወደ ቤት አዞረ። መንግስት በየጊዜው ያበደረው ገንዘብ ከ37 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ፋብሪካው የተከፈተው እዚሁ ኮሎምበስ፣ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ይሰራበት በነበረ ህንጻ ውስጥ ነው። ከ1948 እስከ 1950 ወደ 2,500 ቤት ከዚያ ወጣ። ከዚያ ብድሩን መክፈል አቃተውና ተዘጋ። የአንድ ቤት ዕቃ 3,000 ያህል ቁርጥራጭ ሆኖ በአንድ ተሳቢ ተጭኖ ይመጣ ነበር። ቦታው ላይ ሲሚንቶ ወለል ይጠብቀዋል፣ እዚያ ላይ በብሎን ይገጣጠማል። ቤዝመንት፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለ ክፍል፣ የሚባል ነገር የለውም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ግድግዳው ቀለም የተቀባ ብረት እንዳይመስልሽ፤ ኢናሜል ነው። እናቶቻችን እንጀራ የሚያቀርቡበትን ባለ አበባ ትሪ አስቢው። ብረቱ ላይ የመስታወት ዱቄት ተደርጎ፣ በኃይለኛ እሳት ተጋግሮ አንድ ሆኗል። ለዚህ ነው ከ70 ዓመት በላይ ፀሐይና በረዶ ተፈራርቆበት የእኛ ቤት ግራጫው ሳይደበዝዝ ያለው። በዓመት ሁለት ጊዜ በሳሙናና በውሃ አጥበዋለሁ፣ በቃ። ቀለም ቀብተን አናውቅም።

ግን ያ ትሪ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ጠርዙ ላይ ይላጣል፣ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፣ ከዚያ ይዝጋል። ቤቱም እንደዚያው ነው። በገባን በመጀመሪያው ዓመት ኢንተርኔት ሊያስገባ የመጣ ሰራተኛ ሳይጠይቀኝ ከውጪ በድሪል በሳው። ከስራ ስመለስ ቀዳዳው ዙሪያ ኢናሜሉ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተፈርፍሯል። ሳንቲም የሚያህል ቦታ ነበር። በሚቀጥለው ጸደይ ከስሩ ቡናማ የዝገት መስመር ወርዶ አየሁ። በስስ የብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ፍቄ፣ የዝገት ማቆሚያ ቀብቼ፣ ለፍሪጅና ለምድጃ መጠገኛ የሚሸጠውን ኢፖክሲ ቀለም ደረብኩበት። እስካሁን ይዟል፤ ግን ጠባሳው ይታያል። ስለዚህ ማንም ሰራተኛ ቤትሽ ሲመጣ በር ላይ ጠብቂው፣ «እንዳትበሳ» በይው። ይሄን አጥብቄ ነው የምልሽ።

ስትገመግሚ ቀለሙን አትዪ፣ መገጣጠሚያዎቹን እዪ። የውጪው ፓነል እያንዳንዱ ሁለት ጫማ በሁለት ጫማ ነው። በመሃላቸው የፍሪጅ በር ላይ እንዳለው ዓይነት ጎማ አለ። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ውሃ ከኋላ ይገባል። ፓነሎቹ ተራ በተራ ተያይዘው የተገጠሙ ስለሆነ ከመሃል አንዱን ለብቻ ነቅሎ ማውጣት ከባድ ስራ ነው። ከዚያ ጎንበስ በይና የብረቱ ግድግዳ ከሲሚንቶው ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያውን ሁሉ በባትሪ እዪ። አፈር ወይም የአበባ መደብ ተከምሮበት ከሆነ ጥረጊው። እዚያ ጋ ብረቱ ከተበላ ቤቱን ተዪው፤ ዋጋው ቢረክስም ተዪው። የተላጠ ፓነል ይታከማል። ዋናው አጽም ከዛገ ግን የሚጠግንልሽ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

ጣሪያውም ያው ኢናሜል ብረት ነው፣ እንደ ሸክላ ክዳን ተደራርቦ የተሰራ። የእኛ እስካሁን የመጀመሪያው ነው። ኢንስፔክተሩ ግን ጠንካራ ጫማ አድርጎ እንዳይወጣበት፤ ያንሸራትታል፣ ኢናሜሉም ይላጣል። የኤሌክትሪክ ባለሙያም ለብቻው ጥሪ። ቤቱ ሁሉ ብረት ስለሆነ የመሬት መስመሩ (ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ) በትክክል መገናኘቱን ማረጋገጥ የግድ ነው። አንድ ያረጀ ሽቦ ቢላጥና ግድግዳውን ቢነካ አደጋው ከእንጨት ቤት ይለያል። የወለሉ ታይል የድሮው ከሆነ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ሳታስመረምሪ አታስነቅዪው።

ስለ ብርዱ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይበርዳል። ማሞቂያው ሲፈጠር የተለየ ነው። ሙቅ አየር ከኮርኒሱ በላይ ይለቀቃል፣ የኮርኒሱ ብረት ይሞቃል፣ ሙቀቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ራስሽ ሞቆት እግርሽ ይቀዘቅዛል። ወፍራም ምንጣፍ አንጥፈን ነው የተገላገልነው። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፤ «ኢንሱሌሽን (የብርድ መከላከያ) ልጨምር» ብሎ ኮርኒሱ ላይ በቀጥታ የሚደፋልሽ ሰው ካለ፣ ያ የሙቅ አየር መንገድ ይታፈናል። መስኮቶቹም ባለ አንድ መስታወት አሉሚኒየም ናቸው። ባለቤቴ ቅዳሜ እንጀራ ስትጋግር መስኮቱ ላይ ውሃ እንደ ዝናብ ይወርድ ነበር። አሁን ማራገቢያ አብርተን፣ የጓሮውን በር ገርበብ አድርገን ነው የምትጋግረው። በአንጻሩ ቁሌቱ ግድግዳ ላይ አይቀርም። የቀድሞ አፓርታማችን የወጥ ሽታ ድራይዎሉ፣ የጂፕሰም ግድግዳው፣ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ነበር። እዚህ በሙቅ ውሃ ጠረግ ታደርጊዋለሽ፣ ያልቃል።

ለባለቤትሽም አንድ ነገር ንገሪው። ያኔ ቤት በተለየ መንገድ የሰራው ላስትሮን ብቻ አይደለም። ኒውዮርክ አጠገብ ሌቪትታውን ውስጥ ከ17,000 በላይ ቤቶች ሲሰሩ የማሞቂያ ቧንቧውን ሲሚንቶው ወለል ውስጥ ቀብረውታል። እንግሊዞችም በጦር አውሮፕላን ፋብሪካ የአሉሚኒየም ቤት ሰርተው፣ በአራት ክፍል በመኪና እየጫኑ ወስደው ተክለዋል። የእንግሊዞቹ ለጊዜው ተብሎ የተሰራ ቢሆንም፣ በቸኮለ ጊዜ የተሰራ ሁሉ እንደዚያ አይደለም። የላስትሮን ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ኮሎምበስ ያለው የኦሃዮ ታሪክ ሙዚየም አንዱን ሙሉ በሙሉ አዳራሹ ውስጥ ገጥሞ ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። አሁንም መታየቱን ደውለሽ ጠይቂና ባለቤትሽን ይዘሽው ሂጂ። እኔ መጀመሪያ ስገባ አብሮ የተሰራውን የመኝታ ቤት መስታወትና ቁም ሳጥን፣ ወደ ግድግዳው ውስጥ የሚንሸራተተውን በር እየነካካሁ ቆየሁ። 1,000 ስኩዌር ፊት ገደማ በሆነ ቤት አንድም የባከነ ጥግ የለም።

ሌላ የሚያስቸግር ነገር ስልክ ነው። ብረቱ ኔትወርክ ያዳክማል። ራውተሩን ከቤቱ መሃል አስቀምጪ፣ ስልኩ በዋይፋይ እንዲደውል አድርጊው። ኢንሹራንስም ስትደውዪ «እንጨት ነው ጡብ?» ብለው ይጠይቁሻል። «ብረት፣ ላስትሮን» በዪና በጽሑፍ እንዲያሰፍሩት አድርጊ። ማሞቂያው ባለበት ክፍል ውስጥ ሞዴሉና ተራ ቁጥሩ የተጻፈበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ መኖር አለበት። ፈልጊው፣ ፎቶ አንሺው።

ስዕለ አድህኖውን ደግሞ በማግኔት ነው የምትሰቅዪው። እኛ በስተምሥራቅ ባለው የሳሎን ግድግዳ ላይ የእመቤታችንንና የቅዱስ ሚካኤልን ሰቅለናል። ለእያንዳንዱ ባለ መንጠቆ ማግኔት አራት አራት ተጠቅመናል። የመጋረጃው ዘንግም በማግኔት ነው የቆመው። ማግኔቱ ግድግዳውን እንዳይጭር ከስሩ ስስ ጨርቅ ለጥፊበት። 9 ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልወደቀም። ቤቱን ከገዛችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የተረፉኝ ማግኔቶች አሉ፣ ይዤልሽ እመጣለሁ።