ሌሊት ስልኩን የሚያነሳው ማነው?

«ድርጅቶች የራሳቸው የአይቲ ክፍል እያላቸው የሲስተም ሥራውን ለምን ለውጭ ድርጅት ይሰጣሉ? ወጪ ለመቀነስ ብቻ ነው?» ብለህ ለጠየቅከው፣ ካየሁት ልመልስልህ። ከሁለቱም ወገን ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ሥራውን ከሚሰጠው፣ በኋላ ከሚቀበለው።

ወጪ አንዱ ምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዋናው ጉዳይ ሰው ነው። መጀመሪያ በሠራሁበት ድርጅት ሲስተሙን የምንይዘው ሁለት ነበርን። የደመወዝ ፕሮግራሙን አብጠርጥሮ የሚያውቀው ባልደረባዬ ብቻ ነበር፤ እሱም ሥራ ለቀቀ። ወር መጨረሻ ላይ ሰርቨሩ (ፕሮግራሙና ዳታው ያሉበት ዋናው ኮምፒውተር) ቆመ። ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) አለን ብለን ብንከፍተው ባዶ ፋይል ነው። ለወራት ሳይሠራ ቆይቷል፣ ዞር ብሎ ያየው የለም። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ደመወዙን በኤክሴል ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ስለ ዋጋ አላነሳም። «ሌሊት ስልክ የሚያነሳልኝ ማነው?» ነው ያለው።

እስቲ አስበው። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። አንድ ሰው 40 ሰዓት ቢሠራ፣ ሌሊትና ቀን አንድ ወንበር ለመሸፈን ብቻ ከአራት ሰው በላይ ያስፈልጋል። እረፍትና ሕመም ሲጨመርበት ለትንሽ ድርጅት የማይሞከር ነው። አቅራቢው፣ ማለትም ሥራውን የሚቀበለው የውጭ ድርጅት፣ ግን እነዚያኑ ባለሙያዎች ለብዙ ደንበኛ ያካፍላቸዋል። ዋጋው የሚረክሰውም በዚሁ ነው።

ትልልቆቹም ይሰጣሉ። የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1989 የዳታ ማዕከል ሥራውን ለኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ሲሰጥ ብዙዎች ተከተሉት። ሰርቨር መግዛት በአንዴ ብዙ ብር ያስራል፤ ኮንትራት ግን በየወሩ የሚታወቅ ክፍያ ነው። የፋይናንስ ሰዎች ይሄን ይወዱታል።

ሰጥቶ የመለሰም አለ። የአሜሪካው ባንክ ጄፒ ሞርጋን ቼዝ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአይቢኤም ጋር የ7 ዓመት፣ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ውል ተፈራርሞ ነበር። በ2004 ባንክ ዋን ከተባለ ሌላ ባንክ ጋር ሲዋሃድ ግን ውሉን አቋርጦ ሥራውን ወደ ራሱ መለሰው።

ስለዚህ ሰርቨሩንና የሲስተሙን የሌሊት ክትትል ስጡ። የድርጅቱን አሠራር የሚያውቀውን ሰው ግን አታሰናብቱ። እሱ ከሄደ አቅራቢው የሚነግራችሁን ከመቀበል ሌላ አማራጭ የላችሁም፤ ይሄን በሁለተኛው ሥራዬ ከአቅራቢው ወንበር ሆኜ አይቼዋለሁ። ዳታው የእናንተ መሆኑን፣ ውሉ ሲያልቅም በምን መልክ እንደሚመለስ አስጽፉ። ባክአፑንም አቅራቢው በየሦስት ወሩ እፊታችሁ ከፍቶ እንዲያሳይ ውሉ ውስጥ አስገቡት።