ከ3,785 ብር ላይ ምን ይቆጠባል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 22 ዓመቴ ነው፤ የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ። ከቴክኒክና ሙያ በጋርመንት ተመርቄ ደብረ ብርሃን አንድ የልብስ ፋብሪካ ከተቀጠርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናውን ግን አልወሰድኩም። ደመወዜ 4,500 ብር ሲሆን እጄ ላይ የሚደርሰው 3,785 ነው። ምሳና ሰርቪስ የፋብሪካው ነው። ጠባሴ ከጓደኛዬ ጋር ነው የተከራየሁት፤ የእኔ ድርሻ 900 ነው። ለምግብ 1,300፣ ለካርድ 200፣ ለሳሙናና ለሞዴስ ለመሳሰለው 250 ይወጣል፤ ለእናቴ 500 እልካለሁ። እሑድ እሑድ የ100 ብር እቁብ እጥላለሁ፤ 30 ሰው ነን፣ እስካሁን አልደረሰኝም። ወሩ ሳያልቅ ሱቅ በዱቤ እገባለሁ። ሥራውን ትቼ አዲስ አበባ ልሂድ ወይስ እቁቡ ሲደርሰኝ የስፌት መኪና ገዝቼ በግሌ ልሞክር? ከዚህ ላይስ ቁጠባ እንዴት ይሆናል? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የጻፍሽውን ስደምረው 3,550 ይመጣል። 235 ብር መትረፍ ነበረበት፤ አንቺ ግን ዱቤ ላይ ነሽ። ስለዚህ ስለ ቁጠባ ከማውራታችን በፊት የጠፋውን እንፈልግ።

አንዱ እቁቡ ውስጥ አለ። በወር 400 ብለሽ የያዝሽው አራት እሑድ ቆጥረሽ ነው። በዓመት ግን 52 እሑድ አለ እንጂ 48 አይደለም። አምስት እሑድ ያለው ወር ሲመጣ አንድ መቶ ብር ከየት እንደወጣ ሳታውቂው ይሄዳል፤ ዱቤውም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚያ ወር ነው። ሁለተኛው ዱቤው ራሱ ነው። ባለሱቁ በዱቤ ሲሸጥ ዋጋው ላይ ትንሽ ይጨምራል፤ ባይጨምር እንኳ ዱቤ ያለበት ሰው ዋጋ ጠይቆ ወደ ሌላ ሱቅ አይሄድም፤ የተባለውን ይከፍላል። ደመወዝ በገባ ቀን ዱቤውን ስትከፍይ አዲሱን ወር ጎድለሽ ትጀምሪያለሽ፣ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ተመልሰሽ እዚያው ነሽ። ሦስተኛው የምግቡ ገንዘብ ነው፤ 1,300ው አንድ ላይ ኪስሽ ውስጥ ስለሚገባ የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ይበሉታል። ወር አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ነው፤ በሳምንት 300 ብር ብለሽ አራት ቦታ ከፍለሽ አስቀምጪ፤ የቀረው 100 የሁለቱ ቀን ነው። የሳምንቱ ሐሙስ ላይ ካለቀ እስከ እሑድ ሽሮ ነው፤ የሚቀጥለውን ሳምንት አትንኪ።

አሁን ፔሮልሽን አውጪ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የደመወዝ ግብር እስከ 2,000 ብር ያለው ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ እስከ 4,000 15 በመቶ፣ ከ4,000 በላይ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ ይቆረጥበታል። በአንቺ ደመወዝ ይህ 300 ሲደመር 100፣ ማለትም 400 ብር ነው። የጡረታ 7 በመቶ 315 ነው። 3,785ቱ ትክክል ነው ማለት ነው። አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ፣ 495 ብር፣ በስምሽ መጨመር አለበት፤ የጡረታ መለያ ቁጥርሽ ወጥቶ እንደሆነ አስተዳደር ቢሮ ጠይቂ፤ የየወሩን የደመወዝ ወረቀትም አትጣይ። ይህ ገንዘብ የእርጅናሽ ነው፤ ለድንገተኛ ነገር አትቁጠሪው።

ብዙ ሠራተኛ የማያሰላው ኦቨርታይምን ነው። የወር ደመወዝሽን ለ208 ሰዓት (26 ቀን በ8 ሰዓት) ስናካፍል የአንድ ሰዓትሽ ዋጋ 21.63 ብር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 መሠረት የቀን ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። ስለዚህ እሑድ 8 ሰዓት ብትገቢ 346 ብር ነው፤ 20 በመቶ ግብሩ ሲነሣ 277 ገደማ እጅሽ ይደርሳል። ፔሮሉ ላይ ከዚህ ያነሰ ካየሽ ሰዓቱ ጎድሏል ወይም እሑዱ እንደ ተራ ቀን ተሰልቷል። የገባሽበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር ጻፊ፤ ያለ ደብተር የሚደረግ ክርክር አይረታም።

ቁጠባሽ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ኑሮሽ በመነሻ ደመወዝሽ ይሂድ፤ ኦቨርታይሙ ሙሉ በሙሉ ይቀመጥ። በወር አንድ እሑድ ብቻ ብትገቢ 277 ነው። ከመነሻው ላይ ደግሞ 150 ብር ደመወዝ በገባበት ሰዓት ይወጣል። ሲተርፈኝ አስቀምጣለሁ ያለ ሰው በዚህ ደመወዝ መጠን ምንም አያስቀምጥም፤ አመልሽ ከፍቶ አይደለም፤ 150 ብር ኪስ ውስጥ ካለ ሁልጊዜ የሚጠብቀው ጉዳይ ስላለ ነው። ሁለቱ 427 ብር ነው።

የት ይቀመጥ? ደመወዝ የሚገባበት አካውንት ላይ አይሁን። ሌላ ባንክ ወይም ሌላ ቅርንጫፍ ሄደሽ የቁጠባ ደብተር አውጪ፤ ኤቲኤም ካርድ አልፈልግም፣ ሞባይል ባንኪንግም አታስገቡልኝ በይ። ሊያሳምኑሽ ይሞክራሉ፣ እምቢ በይ። ገንዘቡን ለማውጣት ፈቃድ ጠይቀሽ፣ ተሰልፈሽ፣ ፎርም ሞልተሽ ከሆነ ለማይረባ ነገር አታወጪውም፤ ብትታመሚ ግን በማግሥቱ ታገኚዋለሽ። በቴሌብር ሳንዱቅ የሚያስቀምጡም አሉ፤ አመቺ ነው፤ ችግሩ ያው ስልክ ውስጥ የቴሌብር ብድሮቹ እንደኪሴና መላም መኖራቸው ነው። ብድር የለመደ እጅ ቁጠባውንም ይነካል። የብድሩ አገልግሎት ክፍያ ትንሽ መስሎ ይታያል እንጂ በየወሩ ሲደጋገም የዱቤውን ሥራ ይሠራል።

ፋብሪካችሁ ውስጥ የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ እሱም ጥሩ ነው፤ ከፔሮል ላይ ስለሚቆርጥ እጅሽ አይገባም። ከመግባትሽ በፊት ግን ጠይቂ፦ መመዝገቢያውና ዕጣው (የአባልነት ድርሻው) ስንት ነው? ሒሳቡ በመጨረሻ ኦዲት የተደረገው መቼ ነው? ብለቅ ገንዘቤን በስንት ቀን ትመልሳላችሁ? መደበኛው ቁጠባ አባል ሆነሽ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም፤ ስለዚህ ለድንገተኛ የሚሆነው እዚያ አይቀመጥም። ለሥራ ባልደረባ ዋስ ሁኚ ስትባዪ ደግሞ ረጋ በይ፤ እሱ ሥራ ለቆ ከጠፋ የሚያዘው ያንቺ ቁጠባ ነው። ባለፈው ሳምንት የተዋወቅሽው ሰው ፊርማሽን ከጠየቀሽ ፊት አይተሽ አትፈርሚ።

መጀመሪያ የምትሞይው ግብ 2,650 ብር ነው። ከየት መጣ? ኪራይ፣ ምግብ፣ ካርድና ሳሙና ሲደመሩ፤ የአንድ ወር እስትንፋስሽ ነው። በ427 ብር ስድስት ወር አልፎ ጥቂት ቀን ይወስዳል። ይህን ልክ የመረጥኩት በምክንያት ነው። ቋሚ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ሳይሰጥ ከጠፋ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ድረስ ካሣ ሊጠየቅና ከሚከፈለው ላይ ሊያዝበት ይችላል። የሚበላው የሌለው ሠራተኛ ተናድዶ አንድ ጧት ይቀራል፤ የመጨረሻ ደመወዙም፣ ያልወሰደው የዓመት ዕረፍት ክፍያም፣ የሥራ ልምድ ወረቀቱም አደጋ ላይ ይወድቃል። ባለ 2,650 ብሩ ግን ማመልከቻውን አስገብቶ፣ ወሩን ጨርሶ፣ ልምዱን ይዞ ይወጣል። ለዚህ ገንዘብ ባንኩ የሚሰጥሽ 7 በመቶ በዓመት 185 ብር ገደማ ነው፤ የገበያው ንረት ይቀድመዋል። ይሁን፤ ይህ ገንዘብ እንዲያድግ ሳይሆን እንዲገኝ ነው የሚቀመጠው።

እቁቡን አትልቀቂ። መሐል ላይ ያቋረጠ ሰው የጣለውን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እቁቡ ሲያልቅ ነው፣ ዋስሽም ታፍራለች። ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል፤ መጨረሻ የሚደርሰው ያለ ወለድ አበድሯል፣ በመሐል ዕቃው ይወደድበታል። ስለዚህ የምትገዢው ነገር እርግጥ ከሆነ ዳኛውን አስፈቅደሽ ከደረሰው ሰው ጋር ዕጣ መለዋወጥ ትችዪ እንደሆነ ጠይቂ። ይህ ዙር ሲያልቅ ግን ወደ ግማሽ ዕጣ ውረጂ።

የነሐሴን ደመወዝ ለብቻው አስቢበት። ነሐሴ 30 የተቀበልሽው እስከ መስከረም 30 መድረስ አለበት፤ በመሐል ጳጉሜ ስላለ 35 ቀን ነው። ምግብ ብቻ 217 ብር ይጨምራል፤ እንቁጣጣሽና መስቀልም እዚያው ውስጥ ናቸው። ከጥቅምት ጀምሮ በወር 50 ብር ለይተሽ ብትይዢ ነሐሴ ላይ 550 ይሆናል። ከ150ው ላይ አትውሰጂው፤ ጾም ላይ ከሚቀረው የእንቁላልና የቅቤ ወጪ አውጪው። በነገራችን ላይ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ያዳነሽን ገንዘብ ቅበላና ፋሲካ በአራት ቀን ሊጨርሱት ይችላሉ፤ ጾሙ ሳይፈታ ደብተርሽ ላይ አስገቢው።

ለእናትሽ የምትልኪውን ቁረጪ አልልሽም። ሥራ ብታጪ የምትገቢው እሷ ቤት ነው። ግን ቀኑና ልኩ የታወቀ ይሁን፤ በየሳምንቱ 100 እየተባለ ሲላክ 500 መሆኑ ይረሳል። ከመንዝ በሶና የገብስ ቆሎ የሚመጣልሽ ከሆነ ደግሞ ከምግቡ ሒሳብ ቀንሺው፤ ያንን እንደ ስጦታ ብቻ የሚያይ ሰው ከሱቅ ብስኩት መግዛቱን ይቀጥላል። እህል ከመኸር በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ከክረምቱ ይረክሳል፤ ከጓደኛሽ ጋር ሩብ ኩንታል ጤፍ ያኔ ግዙ። ምጣድ ለመጣድ ግን አስቀድማችሁ ከአከራዩ ጋር ተነጋገሩ፤ የመብራት ጠብ እዚያ ነው የሚጀምረው።

2,650ው ሲሞላ በግ ገዝቶ እናት ዘንድ ማኖር ለመንዝ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ይወልዳል፣ ዋጋውም ከገበያው ጋር ይወጣል። ግን ይታመማል፤ ሐምሌ ላይ ብር ሲያስፈልግሽ በርካሽ ይሄዳል፤ ደህና ዋጋ የሚያወጣው በዓል ሲቃረብ ነው። ለድንገተኛ የያዝሽውን ብር በግ አታድርጊው።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ በቁጥር እንየው። 6,500 ብር ደመወዝ ቢሰጡሽ ግብሩ 800፣ ጡረታው 455 ነው፤ እጅሽ 5,245 ይደርሳል። ከአሁኑ በ1,460 ይበልጣል። ምሳና ትራንስፖርት የሌለበት ከሆነ ምሳን በ80 ብር ብናስብ እንኳ 26 ቀን 2,080 ነው። ገና ታክሲና ኪራይ ሳይነሣ ከስረሻል። ምሳና ሰርቪስ የሌለው ቦታ ሲጠሩሽ ይህን ሒሳብ በወረቀት ሠርተሽ መልሺ።

የስፌት መኪናው ይቆይ። የእቁቡ 3,000 ብር ለመኪናው ቢበቃ እንኳ ለጠረጴዛው፣ ለክሩና ለቦታው አይበቃም፤ ያለ ደንበኛ የተገዛ መኪና አልጋ ሥር ገብቶ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። መጀመሪያ እሑድ እሑድ ሱሪ ማሳጠር፣ ቀሚስ ማጥበብና ዚፕ መቀየር ጀምሪ፤ መኪና ያላት ልብስ ሰፊ ፈልገሽ በሥራው ልክ እየከፈልሽ ተጠቀሚ። በሁለት ወር ውስጥ ሳትጠሪያቸው የሚመለሱ ስምንት አሥር ሰዎች ካገኘሽ ያኔ መኪናው ይገዛል። እቁቡ ሲደርስሽ መጀመሪያ ዱቤውን ዝጊ፤ ቀጥሎ የሲኦሲ ምዘናውን ክፈይና ተፈተኚ፤ ያለዚያ ወረቀት የደረጃ ዕድገት ስትጠይቂ መልሱ አጭር ነው። የቀረው ወደ ደብተሩ ይግባ።

በዚህ ወር መጨረሻ የምትሠሪው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ ደመወዝ በገባ ቀን ከሥራ ስትወጪ ሰርቪሱ ላይ ከመሳፈርሽ በፊት ፔሮሉን ከደብተርሽ ጋር አስተያዪ። የኦቨርታይሙ ሰዓት ካልገጠመ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ለአስተዳደር አስገቢ፣ ቅጂውን አስፈርመሽ ያዢ። ወር ካለፈ በኋላ የሚፈልግልሽ አታገኚም።