መልስ፦ የድሮ ኮሚኮች ላይ ያለው ነጠብጣብ ምንድን ነው?

የድሮ የሱፐርሄሮ ኮሚኮች ለምን ነጠብጣብ እንደሚበዛባቸው ጠይቀሃል። ወንድሜ፣ ነገሩ የወረቀትና የማተሚያ ጣጣ ነው። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣ የሚታተመው በርካሽ ወረቀት፣ በአራት ቀለም ነበር። ሌላው ቀለም የሚገኘው እነዚያኑ በነጥብ በነጥብ እያቀላቀሉ ስለነበር ፊቱን አጉልተህ እየው፤ የጥቃቅን ነጥቦች ስብስብ ነው። በ1990ዎቹ ኮምፒውተር መጣና ጥላው፣ ብርሃኑ በዛ። እውነት ለመናገር አንዳንዱ ጀግና ቅቤ የተቀባ ነው የሚመስለው!

እኔ የድሮውን የኮሚክ ሠዓሊ የጃክ ከርቢን ወፍራም መስመርና ከገጹ ሊወጣ የሚደርስ ቡጢ እመርጣለሁ። ባሕር ዳር ስላደግኩ ይሆናል። በጀልባ በጣና ላይ ዘጌ ተሻገርና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግባ። ግድግዳው ላይ ደማቅ ቀለም፣ ጥቁር መስመር፣ ታሪኩ በየሥዕሉ ተከፋፍሎ። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤ ክፉው በጎን ስለተሣለ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ጭምብልም አላስፈለገው።