ጅራቱን የሚወዘውዘው ወፍ የቱ ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር ስሄድ ውሃው ጠርዝ ላይ የሚለቃቅሙ ትናንሽ ቡናማ ወፎች አያለሁ። ስልኬ ላይ ካሉት ሥዕሎች ጋር ሳስተያያቸው ሁሉም አንድ ይሆኑብኛል። ከየት ልጀምር? (አንባቢ፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ቀለሙን ለጊዜው ይተዉት። ከእነዚህ ወፎች ብዙዎቹ የሚፈለፈሉት በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ ነው፤ ከነሐሴ ጀምሮ እየገቡ እስከ ሚያዝያ አካባቢ ይቆዩና ለመራባት ይመለሳሉ። እኛ ጋ ሲከርሙ አብዛኞቹ ደማቁን የመራቢያ ላባ ጥለው ግራጫና ቡናማ ስለሚለብሱ፣ ያሸበረቀው ሥዕል የሌላ ወፍ ይመስላል። እንደ ሜርሊን ያለ የወፍ መለያ መተግበሪያ ካለዎት ከመራቢያ ወቅት ውጭ የተነሳውን ፎቶ ፈልገው ያስተያዩ።

መጀመሪያ አበላሉን ይዩ። ሮጥ ብሎ ቀጥ፣ ጎንበስ ብሎ ለቀም፣ እንደገና ሮጥ የሚል፣ ዓይኑ ትልቅ ምንቃሩ አጭር ከሆነ የፕሎቨር ወገን ነው፤ ምግቡን የሚያድነው በማየት ነው። ሳያቋርጥ እየተራመደ የሚለቅም ወይም ጭቃውን በምንቃሩ የሚወጋጋ ከሆነ የሳንድፓይፐር ወገን ነው። ቀጥሎ ምንቃሩን በራሱ ጭንቅላት ይለኩት፤ ያጥራል፣ እኩል ነው ወይስ ይረዝማል? ከዚያ የእግሩ ርዝመት። የእግር ቀለም ይረዳል፤ ነገር ግን የደረቀ ጭቃ ቢጫውን እግር ጥቁር ያስመስላል፣ ስለዚህ ውሃ ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ይታገሡ።

ሐዋሳ ላይ ሰውን የሚያደናግሩት በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይርቁም። ጎርፍ መከላከያ ድንጋይ ላይ ብቻውን ሆኖ ጅራቱን ሳያርፍ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዘውዘው ኮመን ሳንድፓይፐር ነው። ከክንፉ ፊት ለፊት፣ ትከሻው ላይ፣ የሆዱ ነጭ ወደ ላይ ሾልኮ ይገባል፤ ይህን ነጭ ሽብልቅ ካዩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም። ሲበር ውሃውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ብሎ፣ ክንፉን ግትር አድርጎ በትንሽ በትንሹ እያርገበገበ ነው፤ ክንፉም ላይ ነጭ መስመር ይታያል።

ሌሎቹ ሁለቱ፣ ግሪን ሳንድፓይፐርና ውድ (Wood) ሳንድፓይፐር፣ ክንፋቸው ላይ ይህ መስመር የላቸውም፤ ሲነሱ የሚታየው ከጅራታቸው በላይ ያለው ነጭ ነው። ልዩነታቸው? የግሪን ጀርባው ጥቁር ለማለት ጥቂት የቀረው፣ የክንፉም ውስጥ ጨለማ ነው። የውድ ሳንድፓይፐር ጀርባው በነጣ ያሉ ነጠብጣቦች የተረጨ፣ ነጭ ቅንድቡ ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ እግሩ ቢጫ ያለና ረዘም ያለ፣ የክንፉ ውስጥ ፈዘዝ ያለ ነው። ቆሞ ሳለ ከተጠራጠሩ የመጀመሪያ ፍርድዎን ይዘው ክንፉ እስኪነሳ ይጠብቁ፤ ለማስነሳት ግን ድንጋይ አይወርውሩ።

ጥቁር ቆብ፣ ነጭ ጉንጭና ጥቁር ደረት ያለው፣ ሰው በቀረበ ቁጥር የሚጮኸው ደግሞ ስፐር-ዊንግድ ፕሎቨር ነው። እሱ እንግዳ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ባይኖኩላር ልገዛ ነው። ሻጩ «ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ውሰድ» ይለኛል። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ስሞክር ደግሞ ወፎቹ ሁሉ ጥቁር ሆነው ይታዩኛል። (ተማሪ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ሻጩን አይስሙት። 8 በ42 ይበቃዎታል። 8 ማለት ስምንት ጊዜ ያቀርባል፤ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 12 እና 16 የሚሉት የእጅዎን መንቀጥቀጥም አብረው ያጎላሉ፣ የሚያሳዩትም ስፍራ ይጠባል፤ ያለ ማቆሚያ ለሐይቅ ዳር አይሆኑም። ገዝተው እንደወጡ ያስተካክሉት፦ ቀኝ ዓይንዎን ጨፍነው በመሀለኛው መዘውር አንድ ጽሑፍ በግራ ዓይን አጥርተው ይዩ፤ ከዚያ ግራውን ጨፍነው፣ መሀለኛውን ሳይነኩ፣ የቀኙን ዓይን ማያ ቀለበት እያዞሩ ያንኑ ጽሑፍ አጥርተው ይዩ። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ዕቃው ተበላሽቷል ይላል። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ የዓይን ማያውን ጎማ ወደ ውስጥ ያስገቡ።

የጥቁሩ ነገር ከመሣሪያው አይደለም። ከተማዋ የሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ስለሆነች ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የዳርቻው ስፍራ ቆመው ሲያዩ ፊትዎ ወደ ምዕራብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዎታለች፣ ጠዋት ግን ከጀርባዎ ናት። ከ12:30 እስከ 3 ሰዓት ይሂዱ። ፊላና ደንገል የሸፈነውን ዳርቻ ትተው ክፍት ጭቃ ይፈልጉ። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት የሚሄዱ ከሆነ ጉማሬ እንዳለ አይርሱ፤ ጠዋት በማለዳ ሣሩ ውስጥ አይግቡ።

ጥያቄ፦ አንድ መንጋ ውስጥ ትንንሽና ትልልቅ ወፎች አብረው ይበላሉ፤ መልካቸው አንድ ነው። እናትና ልጅ ናቸው?

መልስ፦ ጀርባቸው እንደ ቅርፊት የተደራረበ፣ አንገታቸው ረዥም፣ ጭንቅላታቸው ትንሽ፣ ምንቃራቸው አጭርና ጫፉ በጥቂቱ ዘንበል ያለ ከሆነ ራፍ ናቸው። ትልቁ ወንዱ፣ ትንሿ ሴቷ። እዚህ ስለማይፈለፍሉ ጫጩት ይዘው አያገኟቸውም። የእግራቸው ቀለም ከብርቱካናማ እስከ አረንጓዴማ ስለሚለያይ በእሱ አይመኩ፤ ሲበሩ ከጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ ሁለት ነጭ ሞላላ ምልክቶችን ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ዓሣ የሚጠብቀው መላጣ፣ እግሩ ነጭ የሆነው ወፍ የንስር ዓይነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ስሙ አባ ኮዳ ነው፣ የሽመላ ዘመድ ነው። ቁመቱ 1.5 ሜትር ሊደርስ ይችላል። እግሩም ነጭ አይደለም፤ ጥቁር ግራጫ ነው። ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ እግሩ ላይ ስለሚኮስ ነው ኖራ የተቀባ የሚመስለው።