አራት ረድፍ አጨብጫቢ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የኪነት ክበባችን ፀሐፊ ነኝ። አንድ ጡረተኛ መምህር ከሰጡን የድሮ መጻሕፍት መካከል ፎቶውን የላክሁልዎትን ወረቀት አገኘን። ተጠጋግተው የተቀመጡ ወንዶች ጥርሳቸው እስኪታይ እየሳቁ ያጨበጭባሉ። ከሥሩ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ አለው፤ በጀርባውም የጋዜጣ ጽሑፍ ታትሞበታል። አስፍተን አዳራሻችን በር ላይ ብንሰቅለው ተመልካቹን ያነቃቃል ብለን አስበናል። በድንጋይ ላይ የተሣለ ነው የሚሉን አሉ። እውነት ነው? ገንዘብስ ያወጣል?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ልጄ፣ በሩ ላይስ አትስቀለው። እነዚህ ሰዎች የሚያጨበጭቡት ተከፍሏቸው ነው።

የግርጌው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ፓሪሳውያንን ማስደሰት ከባድ ነው ይባላል። በእነዚህ አራት አግዳሚዎች ላይ ግን ቅር ያለው አንድም ሰው የለም። እርግጥ ነው፣ እነዚህ ፈረንሳውያን ሁሉ ሮማውያን ናቸው።» በዚያ ዘመን ፓሪስ ውስጥ «ሮማዊ» ማለት ቅጥር አጨብጫቢ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ኔሮን ሲዘፍን የሚያጨበጭብለት ሠራዊት ነበረው ስለሚባል ስሙ ከዚያ የመጣ ነው።

ሥራው እንደ ማንኛውም ሙያ አለቃ ነበረው። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦፔራ ኦጉስት ሌቫሰር የሚባል ሰው ልምምዱን ሳይቀር ገብቶ ያይ ነበር። የት ቦታ ሞቅ ያለ ጭብጨባ፣ የት ቦታ ለስለስ ያለ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ይወስናል፤ ማታ ሰዎቹን ከመድረኩ ፊት ለፊት ከትልቁ መብራት ሥር ያሰልፋል። ለመሳቅ የሚቀጠር ነበር፤ «ይደገም!» እያለ ለመጮህ የሚቀጠርም ነበር፤ አሳዛኙ ቦታ ሲደርስ መሐረብ አውጥተው የሚያለቅሱ ሴቶችም ነበሩ። እኛም ልቅሶ ላይ አልቃሽ አለችን፤ የእኛዋ ግን ቢያንስ የሟቹን ዘር ማንዘር ጠይቃ ነው ግጥም የምታወጣው። እኔ በደርግ ጊዜ መሐል ሜዳ ላይ በኪነት ቡድን ከበሮ ስመታ፣ የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡልንን አስታውሳለሁ። ቀልዱ ተነግሮ ሳያልቅ ጭብጨባው ይቀድም ነበር። ሥዕልህን ሳየው ፊታቸው ሁሉ ትዝ አለኝ።

ሣዩ ኦኖሬ ዶሚዬ ነው፤ በ1808 ማርሴይ ተወልዶ በ1879 የሞተ፣ አራት ሺህ ያህል የድንጋይ ኅትመት ሥዕሎችን የሠራ ሰው። ገና በወጣትነቱ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የድሆችን ግብር እየዋጠ የሚወፍር ጭራቅ አድርጎ ስለሣለው ታስሯል። በ1835 ደግሞ ሥዕል ሳይመረመር እንዳይታተም የሚከለክል ሕግ ወጣ። ንጉሡን መንካት ሲያቅት ብዕሩ ወደ ጠበቃው፣ ወደ ቤት አከራዩና ወደ ቴአትር ቤቱ ዞረ። ቴአትር ቤት ሲገባ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ ተመልካቹን ነው የሚያየው፤ የሚያንቀላፋውን፣ አፉን ከፍቶ የቀረውን፣ ጎረቤቱን በክርኑ የሚጎሽመውን። ተዋንያኑን ሲሥል ደግሞ የመድረኩ መብራት ከታች ስለሚመጣ ጥላው ወደ ላይ ይወጣል፤ ጀግና የሚባለው ተዋናይ አገጩና አፍንጫው ብቻ ይቀራል። እኔ ከሁሉም የምወድደው ይህን ነው።

የድንጋዩ ነገር እውነት ነው። ከጀርመን አገር ከዞልንሆፈን የሚመጣ ወጥና ልስልስ የኖራ ድንጋይ ነበር። ሣዩ ቅባት ባለው እርሳስ በቀጥታ ድንጋዩ ላይ ይሥላል፤ ከዚያ ጥቂት አሲድ የገባበት የግራር ሙጫ ይቀባል። ድንጋዩ በውኃ ሲረጥብ ባዶው ክፍል ውኃውን ይይዛል፤ ዘይት ያለው ቀለም ሲንከባለልበት ከእርጥቡ ይሸሽና የተሣለው ላይ ብቻ ይጣበቃል። ወረቀት ተጭኖበት ሲነሣ ሥዕሉ ተገልብጦ ይወጣል፤ ስለዚህ ድንጋዩ ላይ ፊደል የሚጽፈው ባለሙያ ከቀኝ ወደ ግራ ነበር የሚጽፈው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ መጀመሪያ አጉሊ መነጽር ያዝ። ጥላው በተርታ የተደረደሩ እኩል ነጠብጣቦች ከሆነ በኋላ ዘመን ከፎቶ የታተመ ቅጂ ነው። ቅንጣቱ እንደ ጠመኔ የተዘበራረቀ ከሆነ ከድንጋይ የታተመ ሳይሆን አይቀርም። የጀርባው ጽሑፍ አያስደንግጥህ፤ ይልቅስ ደግ ምልክት ነው። ዶሚዬ ይሠራበት የነበረው «ለ ሻሪቫሪ»፣ ሻርል ፊሊፖን የሚባል ሰው በ1832 ያቋቋመው ዕለታዊ ጋዜጣ ሲሆን፣ ሥዕሉ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስለሚወጣ አራተኛው ገጽ ጀርባው ላይ ይገኛል። ሀብታም ግን አያደርግህም፤ ጋዜጣ ስለነበረ ብዙ ቅጂ አለው። ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚፈልጉት ጀርባው ባዶ ሆኖ በወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ የታተመውን ነው።

መስቀሉ ካልቀረ ከመድረክ ጀርባ፣ ተዋንያን ልብስ በሚቀይሩበት ክፍል ስቀሉት፤ ለጭብጨባ የሚንሰፈሰፉት እነሱ ናቸውና። የሚሰቀለው ግን ቅጂው ይሁን። ዋናውን በፕላስተር አትለጥፈው፤ ፀሐይ አያግኘው፤ የደብረ ብርሃን ክረምት እርጥበቱን ታውቀዋለህና በንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል አድርገህ ደረቅ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው።