ኦሪዮን የት ገባ? የሰዓትና የዲግሪ ጣጣ

"ጋሼ፣ በካነን 600ዲ እና በ200 ሚሊሜትር ሌንስ ያነሳሁትን የኦሪዮን ኔቡላ ፊትስ (የሥነ ፈለክ ምስል ፋይል) አርጌ ሴቭ አረኩትና ሄደሩ (የፋይሉ መረጃ የሚጻፍበት ክፍል) ላይ ኮኦርዲኔቱን በእጄ ሞላሁ፣ ግን ሶፍትዌሩ የኮከቦቹን ስም ሲጭንበት አንዱም አይገጥም፣ ባዶ ቦታ ላይ ነው የሚጽፈው" ላልከኝ ልጅ፦ የላክልኝን ሄደር ከፍቼ አየሁት፣ ሲአርቫል 1 ላይ (የምስሉ መነሻ ነጥብ ራይት አሴንሽን የሚጻፍበት መስመር) 5.588 ብለሃል። እሱ ነው ጣጣው።

ቁጥሩ ልክ ነው እኮ፣ ግን በሰዓት ነው። ካታሎጎቹ ራይት አሴንሽንን (የሰማይ ኬንትሮስ በለው) በሰዓት ነው የሚጽፉት፣ ለኤም 42 (ያው ኦሪዮን ኔቡላ ነው) 5 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ይላሉ (የኛ 5 ሰዓት አይደለም ደግሞ፣ 6 ቀንሶ የሚመጣ አይጠፋም 😂)፣ ሄደሩ ግን የሚፈልገው ዲግሪ ነው። ሙሉው ክብ 24 ሰዓት ስለሆነ አንዱ ሰዓት 15 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ በ15 አባዛውና 83.82 ጻፍ። እስካሁን 78 ዲግሪ ርቀህ ነበር፣ ኮከቡ ከየት ይምጣ?

ዴክሊኔሽኑ (የሰማይ ኬክሮስ) ላይ ደግሞ −4.61 ብለሃል። ካታሎጉ ላይ −5 ዲግሪ ከ23 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ነው (እዚህ ደቂቃው የዲግሪ 60ኛ ነው)፣ ማይነሱ ለ5ቷ ብቻ ሳይሆን ለደቂቃውም ጭምር ነው፣ ስለዚህ −5.39። በዚህች እኔም አንድ ሌሊት ሙሉ ተቃጥያለሁ አይዞህ።

ስኬሉን (አንድ ፒክስል የሚይዘውን ሰማይ) እንዲህ አስላው፦ 206.265 (ቋሚ ቁጥር ነው) በፒክስል መጠን (ያንተ ካሜራ 4.3 ማይክሮን) አባዛና ለሌንሱ 200 ሚሊሜትር አካፍል፣ 4.43 አርክሰከንድ (የዲግሪ 3600ኛ) በፒክስል ይመጣል። ለ3600 ስታካፍለው 0.00123 ዲግሪ። ይሄ ሲዴልት 1 እና 2 የሚባሉት የስኬል መስመሮች ላይ ይገባል፣ የመጀመሪያው ላይ ግን ማይነስ አርገው፣ እዚህ ጋ ሁሉም ይሳሳታል። ሰማይ ላይ ሰሜንን ወደ ላይ ስታረግ ምስራቅ በግራ ነው፣ እንደ መሬት ካርታ በቀኝ አይደለም። ካላመንክ ካርታ ጣሪያ ላይ ለጥፈህ ተኝተህ እየው፣ ከላይ ሳይሆን ከስር ስለምናይ ነው። ማይነሱን ከረሳህ ምስሉ እንደ መስታወት ተገልብጦ ይነበብብሃል።

እውነቱን ልንገርህ ግን፣ ይሄን ሁሉ በእጅ መሙላት ልፋት ነው፣ ካሜራህ ትንሽ ዘመም ብሎ ከነበረ ደግሞ ስንት ዲግሪ እንደዞረ በግምት አታገኘውም። ፕሌት ሶልቭ አርገው፣ ማለትም ሶፍትዌር ኮከቦቹን ከካታሎግ ጋር አመሳክሮ ቦታውን ራሱ ያግኝ። አስታፕ የሚባለው ሶፍትዌር ላይ መነሻ ቦታውንና የምስሉን ቁመት 4.25 ዲግሪ ብለህ ስጠው፣ ካልሆነም አስትሮሜትሪ ዶት ኔት ድረ ገጽ ላይ ጫነው፣ እሱ መነሻም አይጠይቅህ፣ ሄደሩን ሞልቶ ይመልስልሃል። ሶልቭ ከሆነ በኋላ ክሮፕ ካረክ ግን ተጠንቀቅ፣ ከግራ 300 ፒክስል ከቆረጥክ ሲአርፒክስ 1 ላይም (መነሻ ነጥቡ ከግራ ስንተኛው ፒክስል ላይ እንዳለ የሚናገረው መስመር) 300 መቀነስ አለበት፣ ሁሉም ሶፍትዌር አያስታውስልህም።

መግጠሙን ለማየት ዮታ ኦሪዮኒስ የምትባለውን ኮከብ ፈልጋት፣ ከኔቡላው መሀል ወደ ደቡብ 420 ፒክስል ገደማ ላይ ያለችው ደማቋ ናት። ስሟ እሷ ላይ ካረፈ ተሳክቶልሃል፣ ካላረፈ አዲሱን ሄደር ላክልኝ።