ሼላ ከርሜ መጥቻለሁ፤ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

አሜሪካ ውስጥ ሕክምና እማራለሁ። ሦስተኛውን ዓመት እንደጨረስኩ የአንድ ዓመት ፈቃድ ወስጄ ጓቴማላ፣ ሼላ በምትባል ከተማ ከረምኩ። ስፓኒሽ ተማርኩ፣ በአንዲት የገጠር ክሊኒክ በበጎ ፈቃድ አገለገልኩ፣ በተረፈኝ ጊዜ አገሩን ዞርኩ። በየግል የጠየቃችሁኝ ስለበዛ ሁሉንም እዚህ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ለምን ጓቴማላ? ስፔን አይሻልም ነበር?

መልስ፦ በምማርበት ሆስፒታል ከሚታከሙት ብዙዎቹ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ናቸው፤ እነርሱ የሚናገሩትን መስማት ፈለግኩ። ደግሞም እዚያ ትምህርቱ አንድ አስተማሪ ለአንድ ተማሪ ነው። በቀን አምስት ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ፊት ለፊት ተፋጥጣችሁ ትቀመጣላችሁ፤ መደበቂያ ወንበር የለም። ከዚያ ወደምታርፉበት ቤተሰብ ስትመለሱ ሌላው ክፍል ይጀመራል። ሼላን (ሙሉ ስሟ ኬትሳልቴናንጎ ነው፤ በዚያ የሚጠራት ግን ጥቂት ነው) የመረጥኩት አንቲጓ የምትባለው ሌላዋ የጓቴማላ ከተማ በጎብኚ ስለምትጥለቀለቅና ሁሉም በእንግሊዝኛ ስለሚመልስላችሁ ነው። ሼላ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ናት፤ ከአዲስ አበባ እምብዛም አታንስም። ብርዱም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጾሙን እንዴት አደረግሽው?

መልስ፦ እናቴ፣ ጠዋት ጥቁር ቦሎቄና የበቆሎ ቂጣ፣ ማታም ጥቁር ቦሎቄና የበቆሎ ቂጣ ነው፤ እንዲህ የቀለለኝ ጾም የለም። ችግሩ ቦሎቄውን ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይጠብሱታል። ይህን ያወቅኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ያለፈውን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ስነግራቸው የቤቱ እመቤት ሳይከፋቸው በዘይት ይሠሩልኝ ጀመር። ያልለመድኩት ቡናውን ነው። ቡና አብቃይ አገር ሆኖ ቤት ውስጥ የሚቀዳልህ ስኳር የበዛበት ቀጭን ውሃ ነው፤ ጥሩው ወደ ውጭ ይሸጣል።

ጥያቄ፦ ገና ተማሪ ሆነሽ ምን ታክሚያለሽ?

መልስ፦ አላከምኩም። የደም ግፊት ለካሁ፣ ሕፃናት መዘንኩ፣ ካርድ ጻፍኩ፣ ኪኒን ቆጠርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሌላ በጎ ፈቃደኛ «ቁስል መስፋት ትችያለሽ፤ እዚህ ማንም አይጠይቅሽም» አለኝ። ማንም ስለማይጠይቅ ነው እኮ የማይደረገው! አሜሪካ ያለ ሐኪም ክትትል የማልነካውን እዚያም አልነካሁም። ቁመት መለካትን ደግሞ አትናቁት። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የጓቴማላ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የቀነጨሩ ናቸው፤ በማያ ሕዝቦች (የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው) መንደሮች ይብሳል። አንድ ልጅ በዓይኔ ገምቼ ካርዱ ላይ «ሁለት ዓመት» ብዬ ጻፍኩ። እናቱ አራት ጣት አወጣችልኝ።

ጥያቄ፦ ስፓኒሽ ብቻ ይበቃል?

መልስ፦ ለከተማው ይበቃል። ነገር ግን አገሪቱ ውስጥ 22 የማያ ቋንቋዎች አሉ፤ ክሊኒካችን ከሚመጡት አሮጊቶች አብዛኞቹ ቂቼ እንጂ ስፓኒሽ አይናገሩም። እዚህ ላይ አማርኛ ባለውለታዬ ነው። አውሮፓውያኑ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ የሚታገሏቸው የቂቼ ድምፆች የእኛዎቹ ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጸ ናቸው። ውሻ «ጺ» ነው፣ ብረትና መኪና «ጪጭ»፣ ሕመም «ቃሽ»። «ጪጭ» ባልኩ ጊዜ አስተማሪዬ እርሳሱን አስቀምጦ አያቴ ከየት እንደሆነች ጠየቀኝ። እንዳልኮራ ግን ከእኛ «ቀ» ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚወጣ ሌላ ድምፅ አላቸው፤ እርሱ አንድ ወር አስለፋኝ።

ጥያቄ፦ የማትረሺው ታካሚ አለ?

መልስ፦ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን አምጥተው «ሱስቶ ነው» አሉ። ድንጋጤ ማለት ነው፤ የደነገጠ ሰው ነፍሱ ትለየውና ይታመማል ይላሉ። ዕለቱን ያገኘነው ሐኪም ቃሉን ሳይጽፍ አለፈው። እኔ ያደግኩት እናቴ «ምች መታኝ» ስትል ሐኪሟ ወደ ኮምፒውተሩ ሲዞር እያየሁ ነው። ስለዚህ በተርጓሚ «መቼ ደነገጠ?» አልኳቸው። ውሻ ካሳደደው ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ያስመልሰው የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በካርዱ ላይ የነበረው «ሁለት ቀን» ነበር። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ እንደገና መረመረው፤ ልጁ ውሃው ተሟጥጦ ስለነበር ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ተላከ።

ጥያቄ፦ ቪዛና ክትባት?

መልስ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ቪዛ ያስፈልገዋል። የቢጫ ወባ ካርድም ይያዝ፤ በሽታው ካለባቸው አገሮች የሚነሳ መንገደኛ ይጠየቃል፣ ኢትዮጵያም ከእነርሱ ትቆጠራለች። ቆይታው 90 ቀን ነው፤ ጓቴማላ፣ ሆንዱራስ፣ ኤል ሳልቫዶርና ኒካራጓ አንድ ላይ ስለሚቆጠሩ ሆንዱራስ ደርሶ መመለስ ቀኑን አያድስም። እኔ ሜክሲኮ ተሻግሬ ነው የተመለስኩት።

ጥያቄ፦ አንድ ዓመት አልባከነብሽም?

መልስ፦ አብረውኝ የጀመሩት ቀድመውኝ ተመርቀዋል፤ ፎቶ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። አባቴ ለዘመድ ሁሉ የሚያሳየው ከሳንታ ማሪያ ተራራ ጫፍ ላይ የላክሁለትን ፎቶ ነው። 3,772 ሜትር፣ እኩለ ሌሊት ተነስተን ጎህ ሲቀድ የደረስንበት፣ ከሥራችን ሳንቲያጊቶ የሚባለው እሳተ ገሞራ አመድ ሲተፋ። «ሐኪም ትሆናለች ብዬ ብልካት እሳት ስትሞቅ አገኘኋት» እያለ ያሳያቸዋል።